ባሕር በሌለበት የባሕር ጦርነት፦ ከ1812 እስከ 1814 በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ላይ እንዴት ይዋጉ ነበር?

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1814 ኪንግስተን በምትባለው የካናዳ ወደብ አንዲት የጦር መርከብ ከመሥሪያዋ ተንሸራትታ ውኃ ገባች። ስሟ ሴንት ሎውረንስ ነው፤ የመድፎቿ ብዛት 112። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የሞተባት ዝነኛዋ ቪክቶሪ እንኳ የነበሯት 104 ናቸው። ይህች ግን ዕድሜ ልኳን የጨው ውኃ አልነካትም። የተሠራችው ከውቅያኖስ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ነው፤ ከሐይቁ የምትወጣበት መንገድም አልነበራትም። አንድም ውጊያ ሳትዋጋ ጦርነቱ አለቀ። በ1832 በ25 ፓውንድ ተሸጠች።

ነገሩ የእብድ ሥራ ይመስላል፤ ሐይቅ ከባሕር በምን እንደሚለይ ሲታወቅ ግን ስሌቱ ይገባል። ይህ ጦርነት ብዙ ጊዜ የሚተረከው በካፒቴኖቹ ጀግንነት ነው። እዚህ የበለጠ ቦታ የምንሰጠው ለአናጢው፣ ለጀልባ ቀዛፊውና ለገመድ ተሸካሚው ነው፤ ውጤቱን አብዛኛውን ጊዜ የወሰኑት እነሱ ናቸውና። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማን ከማን ጋር? ለምንስ ሐይቅ ላይ?

ጁን 18 ቀን 1812 ዩናይትድ ስቴትስ በብሪታንያ ላይ ጦርነት አወጀች። ካናዳ ያኔ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ስለነበረች ውጊያው ድንበር ላይ ወደቀ። ድንበሩ ደግሞ በአብዛኛው ሐይቅ ነው። በዙሪያው ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር፤ መንገድ ከተባለም ዝናብ ሲጥል ጋሪ የሚውጥ ጭቃ ነው። ለአሥር ሺህ ወታደር ዱቄት፣ ባሩድና አሎሎ (የመድፍ የብረት ኳስ) ማድረስ የሚቻለው በውኃ ብቻ ነበር። ሐይቁን የያዘ ወገን የፈለገበት ያርፋል፤ ያጣው ወገን ሠራዊት ይራባል።

ዋናዎቹ ሦስት ሐይቆች ናቸው። ስፋታቸውን ለመገመት ጣናን እናስብ፤ ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኦንታሪዮ ወደ 19,000፣ ኢሪ ከ25,000 በላይ ነው። ሦስተኛው ሻምፕሌን ከጣና ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ኮሪደር የተዘረጋ በመሆኑ ከካናዳ ወደ ኒው ዮርክ ግዛት የሚያስገባ በር ነው።

ብሪታንያ ያን ያህል መርከብ እያላት ለምን ከባሕር አላመጣችም?

ማለፊያ ስለሌለ። በኢሪና በኦንታሪዮ መካከል ናያጋራ ፏፏቴ አለ፤ ከፍታው 50 ሜትር ገደማ ነው። ከጣና ተነስቶ በዓባይ ቁልቁል የሚጓዝ መርከብ ጢስ ዓባይ ላይ ሲደርስ የሚገጥመው ዓይነት መሰናክል ነው። ከኦንታሪዮ ወደ ውቅያኖስ የሚወርደው የሴንት ሎውረንስ ወንዝ ደግሞ ከኪንግስተን እስከ ሞንትሪያል በድንጋይ ላይ የሚንፎለፎል ፈጣን ወራጅ ይበዛበታል። ጠፍጣፋ ጀልባ እየተጎተተ ያልፈዋል፤ የጦር መርከብ አያልፍም። የሻምፕሌን መውጫ የሆነው የሪሸልዩ ወንዝም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሐይቅ እንደተከደነ ገንቦ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መርከቡ እዚያው ሐይቁ ዳር መሠራት አለበት። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ በባሕር ላይ የተሸነፈ አዛዥ ከሌላ ወደብ ሌላ መርከብ ይላክለታል፤ እዚህ ግን የአንድ ቀን ሽንፈት ሐይቁን ሙሉ ለጠላት ያስረክባል። ለዚህም ነው የሐይቅ አዛዦች መሥራት ሲያበዙ መዋጋት የሚፈሩት። ፈሪ ስለሆኑ አልነበረም።

መርከብ ከጫካ እንዴት ይወጣል?

አሜሪካውያን ከኒው ዮርክ ከተማ የታወቁ የመርከብ አናጢዎችን አመጡ፦ ሄንሪ ኤክፎርድን ወደ ኦንታሪዮ፣ ኖዋ ብራውንን ወደ ኢሪ፣ በኋላም ኖዋንና ወንድሙን አዳምን ወደ ሻምፕሌን። ሥራው የሚጀምረው በመጥረቢያ ነው። ዛፍ ይወድቃል፤ ረጅሙ ግንድ ተጠርቦ የመርከቡ አከርካሪ ሆኖ ይጋደማል። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ጎድኖች ይቆማሉ፤ ለነዚህ ቅርንጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ እንጨት ይመረጣል። በጎድኖቹ ላይ ሳንቃ ይመታል። በሳንቃዎቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ከአሮጌ ገመድ በተፈተለ ቃጫ ይወተፍና ትኩስ ሬንጅ ይፈስበታል። ከዚያ ወደ ውኃ ይገፋል፤ ምሰሶው የሚቆመውና መድፉ የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው።

በሰላም ጊዜ የመርከብ እንጨት ከተቆረጠ በኋላ ለዓመታት ይደርቃል። እዚህ ግን ትናንት ወፍ ያረፈበት ዛፍ ዛሬ መርከብ ላይ ይቸነከር ነበር። ማዲሰን የተባለችው መርከብ በኦንታሪዮ ዳር ባለችው የአሜሪካውያን ወደብ በሳኬትስ ሃርበር በ45 ቀን ተሠርታ ኖቬምበር 26 ቀን 1812 ውኃ ገባች። በሻምፕሌን ሐይቅ ሳራቶጋ 40 ቀን ገደማ፣ ኢግል ደግሞ 19 ቀን ብቻ ነው የፈጀችው። ዋጋው በኋላ ይከፈላል፦ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ስንጥቁ ይከፈታል፣ ውኃ ይገባል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥም ይበሰብሳል። አናጢዎቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ የተጠየቁት ግን ለአንድ በጋ የሚሆን መርከብ ነው።

ሐይቁ የሚያቀለው ነገርም አለ። በውቅያኖስ የሚጓዝ መርከብ ለወራት የሚበቃ የመጠጥ ውኃ በበርሜል መያዝ አለበት፤ ለዚያ ሲባል ሆዱ ጥልቅ ይሆናል። በሐይቅ ላይ መርከበኛው ባልዲ ጣል አድርጎ ይጠጣል። ስለዚህ የሐይቅ መርከብ ሆዱ ጎድጓዳ መሆን አያስፈልገውም። እንጨት የሚበላው የባሕር ትልም ጨው በሌለው ውኃ ስለማይኖር ከሥር በመዳብ መሸፈኑም ይቀራል።

እንጨቱ ካለ ታዲያ ችግሩ ምን ነበር?

ጫካ መድፍ አያበቅልም። መልሕቅ፣ የሸራ ጨርቅ፣ ገመድ፣ አሎሎ፣ ምስማር፣ ከሁሉም በላይ ሸራ መውጣት የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ነው የሚመጣው። ለእንግሊዞቹ ሁሉም ነገር አትላንቲክን ተሻግሮ፣ ከሞንትሪያል በኋላ ደግሞ ወራጁን በጀልባ ሽቅብ እየተጎተተ መድረስ ነበረበት። ሳይኪ የተባለችው ፍሪጌት (መካከለኛ የጦር መርከብ) አካሏ እንግሊዝ አገር ተጠርቦ፣ ቁርጥራጩ ተጭኖ መጥቶ ኪንግስተን ላይ ተገጣጠመ፤ ውኃ የገባችው በዲሴምበር 1814 ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በ1814 ክረምትም ከ200 በላይ መርከበኞች ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነስተው እስከ ኪንግስተን በበረዶ ላይ በእግራቸው ተጓዙ።

አሜሪካውያን ቅርብ ነበሩ፤ ከኒው ዮርክ በሃድሰን ወንዝ፣ ከዚያ በሞሃውክ፣ ከዚያ በሐይቁ ዳር እስካለችው ኦስዊጎ። የመጨረሻዋ ጥቂት መንገድ ግን ክፉ ናት፤ ኪንግስተንና ሳኬትስ ሃርበር ፊት ለፊት ስለሆኑ የእንግሊዝ መርከቦች የሐይቁን ዳር ይጠብቃሉ። በሜይ 1814 ሱፒሪየር የተባለችው ፍሪጌት ሳኬትስ ሃርበር ላይ ቆማለች፤ መድፎቿና የመልሕቅ ገመዷ ኦስዊጎ ናቸው። ዕቃውን የጫኑ ጀልባዎች በሌሊት እየቀዘፉ ወጡ። እንግሊዞቹ ደርሰውባቸው ሳንዲ ክሪክ በምትባል ጅረት ውስጥ ተከታተሏቸው፤ ሜይ 30 ቀን እዚያ በጫካ ያደፈጡ አሜሪካውያንና የኦናይዳ (የአገሬው ተወላጅ ሕዝብ) ተዋጊዎች ሁሉንም ገደሏቸው ወይም ማረኳቸው። መድፎቹ በጋሪ ሄዱ።

ገመዱ ግን እምቢ አለ። የሰው ጭን የሚያህል ውፍረት፣ ከ4 ቶን የሚበልጥ ክብደት ያለው አንድ ወጥ ገመድ ነው። የሚችለው ጋሪ ጠፋ፤ ቢቆርጡት ደግሞ የመልሕቅ ገመድነቱ ይቀራል። በመጨረሻ ወታደሮቹ በሰልፍ ቆመው ከጫፍ እስከ ጫፍ በትከሻቸው ተሸከሙት፤ ትከሻ እንዳይልጥ ከሥሩ ሣር ጎዘጎዙ። እያሳረፉ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተሸክመው ሳኬትስ ሃርበር አገቡት። የሱፒሪየር ካፒቴን ከዚህ በላይ ማንንም የሚያመሰግንበት ምክንያት አልነበረውም።

ሰው ማግኘቱም እንደ መድፉ ነበር። በኢሪ ሐይቅ የአሜሪካ መርከቦች አዛዥ ኦሊቨር ፔሪ የተላኩለትን ሰዎች ዓይነት እያነሳ ሲያማርር፣ የበላዩ ኮሞዶር አይዛክ ቾንሲ የቆዳ ቀለም መርከበኛን እንደማይለካ፣ በራሱ መርከብ ላይ ወደ 50 የሚጠጉ ጥቁሮች እንዳሉና ብዙዎቹ ከምርጦቹ መካከል እንደሆኑ ጽፎ መለሰለት።

የነጋዴ ጀልባ ላይ መድፍ መጫን አይበቃም?

ተሞክሯል። በጦርነቱ መጀመሪያ አሜሪካውያን በኦንታሪዮ ላይ እህልና ሸቀጥ ያመላልሱ የነበሩ ስኩነሮችን (ሁለት ምሰሶ ያላቸው ትንንሽ የሸራ መርከቦች) ገዝተው ወይም ማርከው አስታጠቁ። ስሕተቱ ያለው ክብደቱ ላይ ነው። የነጋዴ መርከብ ጭነቱን ከሆዱ ውስጥ ይይዛል፤ ያ ነው ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው። መድፍ ግን የሚቀመጠው ከላይ፣ ወለሉ ላይ ነው። ሆዱ ባዶ፣ ራሱ ከባድ ይሆናል፤ ውኃ ተሸክማ ኮረብታ ላይ የምትወላገድ ሴት ማለት ነው።

ኦገስት 8 ቀን 1813 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሐሚልተንና ስከርጅ የተባሉ ሁለት ስኩነሮች ጠላትን እየጠበቁ ፀጥ ባለ ውኃ ላይ ነበሩ። ሰዎቹ ሲነጋ ይዋጋሉ ተብሎ መድፋቸው አጠገብ ተኝተዋል። ድንገተኛ ነፋስ መታ። መርከቦቹ በጎናቸው ወደቁ፤ ከባዱ ዕቃ ወደ ታችኛው ጎን ተንከባለለ። ሁለቱም በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠሙ፤ ከ50 በላይ ሰው አለቀ። በ1973 ሲገኙ 90 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር፤ ምሰሶአቸው እንኳ አልወደቀም። ቀዝቃዛና ጨው አልባ ውኃ እንጨት እንዴት እንደሚያቆይ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

የመድፉ ዓይነት ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ?

ሁለት ዓይነት መድፍ ነበረ። ረጅሙ መድፍ ከኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይመታል፤ ግን ይከብዳል። ባለ 32 ፓውንዱ (14.5 ኪሎ የሚመዝን አሎሎ የሚተኩሰው) ከ2,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሌላው ካሮኔድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዱ የካሮን ብረት ፋብሪካ ነው። አጭርና ብረቱ ስስ በመሆኑ ያንኑ አሎሎ የሚተኩሰው ከ900 ኪሎ ባነሰ ክብደት ነው፤ የሚፈልገውም ሰው ጥቂት ነው። ጉድለቱ ከ400 ሜትር ካለፈ እምብዛም አለመጥቀሙ ነው። ረጅሙ መድፍ ጦር፣ ካሮኔድ ደግሞ ዱላ ነው ብለን ብናስብ አይሳሳትም፦ ዱላ የያዘ መጠጋት አለበት፤ ጦር የያዘ ማራቅ።

ስለዚህ ማን ያሸንፋል የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ነፋሱ ነው። በኦንታሪዮ ላይ ቾንሲና የእንግሊዙ ሰር ጄምስ ዮ ሁለት በጋ ሙሉ የተሳደዱት በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ራቅ ብሎ መዋጋት ይፈልጋል፤ ሌላው ቀረብ ብሎ። ነፋሱ ያልተስማማው ወደ ወደቡ ይገባና አንድ ትልቅ መርከብ ይጨምራል። ሴንት ሎውረንስ የዚህ ውድድር መጨረሻ ናት፤ በኦክቶበር 1814 ስትወጣ ቾንሲ ወደቡ ገብቶ ተቀመጠ። አንድ ጥይት ሳትተኩስ ሥራዋን ሠርታለች ማለት ነው።

ኢሪ ላይ እንዴት ተዋጉ?

እዚህ ላይ ውጊያው ያልቀረው አንደኛው ወገን ስለተራበ ነው። የእንግሊዙ አዛዥ ሮበርት ባርክሌይ ዲትሮይት የተባለችውን ትልቅ መርከቡን ሠርቷል፤ ለእሷ የታሰበው ዕቃ ግን በኤፕሪል 1813 አሜሪካውያን ዮርክን (የዛሬዋን ቶሮንቶ) ሲወሩ ጠፋ። ከምሽግ ግንብ ላይ ያገኘውን መድፍ ሁሉ ነቅሎ ጫነባት፤ ልካቸው ልዩ ልዩ ነው። የማቀጣጠያ ዕቃው ስላልረባ ተኳሾቹ በመድፉ ቀዳዳ ላይ ሽጉጥ እየተኮሱ ነበር ባሩዱን የሚያቀጣጥሉት። ብዙው ሰው የእግረኛ ወታደር ነው። ስንቁ አልቆ ስለነበር የአቅርቦት መንገዱን መክፈት ግድ ሆነበት።

ፔሪም የራሱ ጣጣ ነበረው። መርከቦቹን የሠራበት የፕሬስክ አይል ወሽመጥ መግቢያው በአሸዋ ቁልል የተዘጋ ነው። ቁልሉ ጠላትን ያስቀራል፤ ግን ላውረንስና ናያጋራ የተባሉት ሁለት ብሪጎቹ (ባለ ሁለት ምሰሶ የጦር መርከቦች) 2.7 ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋሉ፤ ቁልሉ ላይ ያለው 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። መፍትሔው «ግመል» ይባላል። ሁለት ትልልቅ የእንጨት ሳጥኖች ውኃ ተሞልተው በመርከቡ ግራና ቀኝ ይሰጥማሉ። በመድፍ መስኮቶች በኩል አግዳሚ ግንድ አልፎ ከሳጥኖቹ ጋር ይታሰራል። ከዚያ ውኃው በፓምፕ ሲወጣ ሳጥኖቹ ይንሳፈፋሉ፤ መርከቡንም ይዘው ይነሳሉ። በመጀመሪያው ሙከራ ላውረንስ በበቂ አልተነሳችም፤ መድፏ ሁሉ ወርዶ እንደገና ተሞከረ። በነዚያ የኦገስት ቀናት ባርክሌይ ቢደርስ ኖሮ መድፍ አልባ መርከብ አሸዋ ላይ ተንጠልጥላ ያገኝ ነበር። ሲመለስ ግን ሥራው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1813 ዘጠኝ የአሜሪካና ስድስት የእንግሊዝ መርከቦች ተገናኙ። በመድፍ ቁጥር እንግሊዞቹ ይበልጡ ነበር፤ 63 ለ54። ቁጥሩ ግን ያታልላል፤ የፔሪ ሁለት ብሪጎች እያንዳንዳቸው 18 ከባድ ካሮኔዶች ነበሯቸው፤ ተጠግቶ ለመጣ ሰው ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ጥያቄው መጠጋቱ ነበር። ነፋሱ ደካማ ስለሆነ ላውረንስ ቀስ እያለች ስትቀርብ የዲትሮይት ረጃጅም መድፎች እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ጀምሮ መቷት። ናያጋራ ወደ ኋላ ቀረች፤ ይህ ለምን ሆነ የሚለው ክርክር በአዛዦቹ መካከል ዕድሜ ልክ ዘለቀ። ከሁለት ሰዓት በላይ ተዋግታ ላውረንስ ላይ ከአምስት ሰው አራቱ ሞተ ወይም ቆሰለ።

ፔሪ በትንሽ ጀልባ ተቀዝፎ ወደ ናያጋራ ተሻገረ፤ መርከቧ ምንም አልተነካችም። ነፋሱ በረታ። የእንግሊዞቹ ሁለት ትልልቅ መርከቦች ዲትሮይትና ክዊን ሻርሎት ለመዞር ሲሞክሩ ተጋጭተው ተቆላለፉ፤ ናያጋራ በመካከላቸው ገብታ በግራም በቀኝም ተኮሰች። ስድስቱም እጅ ሰጡ። ፔሪ በአሮጌ ደብዳቤ ጀርባ ለአሜሪካ የምድር ጦር አዛዥ ለጄኔራል ሃሪሰን «ጠላትን አገኘነው፤ የእኛም ሆነ» ብሎ ጻፈለት። ከአሜሪካውያን 27፣ ከእንግሊዞች 41 ሰው ሞተ።

መልሕቅ ጥሎ የቆመ መርከብ እንዴት ያሸንፋል?

ፕላትስበርግ ላይ፣ በሻምፕሌን ሐይቅ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1814 የሆነው ይህ ነው። የእንግሊዝ ጦር 10,000 ያህል ሆኖ በሐይቁ ዳር እየወረደ ነበር። የአሜሪካው አዛዥ ቶማስ ማክዶኖ ሳይወጣ ወሽመጥ ውስጥ ቆሞ ጠበቀ። ምክንያት ነበረው፦ እንግሊዞቹ ወደ ደቡብ ለመምጣት የሰሜን ነፋስ ያስፈልጋቸዋል፤ ወሽመጡ ውስጥ ለመግባት ግን ዞረው ያንኑ ነፋስ ፊት ለፊት መጋፈጥ አለባቸው። ወሽመጡ ጠባብ ስለሆነም ኮንፊያንስ የተባለችው የእንግሊዞቹ ትልቅ መርከብ በረጃጅም መድፎቿ ከሩቅ መምታት አትችልም።

ዋናው ብልሃት ገመድ ነው። መርከብ በአንድ መልሕቅ ስትቆም የምትተኩሰው በአንድ ጎኗ ብቻ ነው፤ ያ ጎን ሲደቅቅ አለቀላት። ማክዶኖ ከራሱ መርከብ ከሳራቶጋ ፊት ግራና ቀኝ ትንንሽ መልሕቆች አስጥሎ፣ ገመዳቸው አሎሎ እንዳይበጥሰው ከውኃ በታች እንዲያልፍ አደረገ። ከኋላዋም መልሕቅ አዘጋጀ። የአንዱን ገመድ ሲለቁ የሌላውን ሲጎትቱ መርከቧ ባለችበት ዞራ ያልተነካውን ጎኗን ለጠላት ትሰጣለች።

ኮንፊያንስ ውኃ ከገባች ገና 17 ቀኗ ነበር፤ አናጢዎች እስከ ውጊያው ዋዜማ ሲሠሩባት ቆይተዋል፤ ሰዎቿ አይተዋወቁም። የመጀመሪያ ተኩሷ ግን አስፈሪ ነበር፤ ሳራቶጋ ላይ 40 ያህል ሰው ጣለ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ግን አዛዡ ጆርጅ ዳውኒ አሎሎ የመታው መድፍ ከመንኮራኩሩ ተነቅሎ ወድቆበት ሞተ። ከዚያ ትንሽ የምትመስል ጉድለት ታየች፦ የመድፍን አፍ ከፍታ የሚወስነው ከኋላው የሚገባ የእንጨት ሽብልቅ ነው። በየተኩሱ ንቅናቄ ሽብልቁ ይላላል፤ ካላስተካከሉት አፉ ቀና እያለ ይሄዳል። ያልሠለጠኑት ተኳሾች አላስተካከሉትም፤ አሎሎው ከሰው ራስ በላይ ማለፍ ጀመረ።

የሳራቶጋ አንድ ጎን መድፎች ሲያልቁ ማክዶኖ ገመዱን አስጎተተ። መርከቧ ዞረች። ኮንፊያንስም ልትዞር ሞከረች፤ እንደ ሳራቶጋ ያለ ዝግጅት ስላልነበራት ግማሽ ላይ ቀርታ እንደተጋለጠች እጅ ሰጠች። በኋላ ሲቆጠር ሳራቶጋ 55፣ ኮንፊያንስ 105 የአሎሎ ቀዳዳ ነበረባቸው። የምድሩ ጦር ቁጥሩ ቢበዛም የስንቅ መንገዱ ስለተቆረጠ ወደ ካናዳ ተመለሰ።

ከዚያስ?

በዚያው ዓመት ኖቬምበር የእንግሊዝ መንግሥት ዝነኛ ጄኔራሉን ዌሊንግተንን አሜሪካ ሄደህ ጦር ምራ ቢለው፣ የጎደለው ጄኔራል ሳይሆን የሐይቆቹ የበላይነት ነው ብሎ መለሰ፤ ያለዚያ መሬት መጠየቅም እንደማይቻል አስረዳ። ዲሴምበር 24 ቀን 1814 ጌንት በተባለችው የአውሮፓ ከተማ የተፈረመው የሰላም ውል ድንበሩን እንደነበረ መለሰው።

በ1817 ደግሞ ሁለቱ አገሮች በኦንታሪዮና በሻምፕሌን ላይ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ፣ በላይኞቹ ሐይቆች ሁለት ሁለት መርከብ ብቻ ሊያቆሙ ተስማሙ፤ ክብደቷ ከ100 ቶን፣ ትጥቋም ከአንድ ባለ 18 ፓውንድ መድፍ እንዳይበልጥ። አሜሪካውያን ለሴንት ሎውረንስ መልስ ብለው የጀመሯት ኒው ኦርሊንስ ያኔ ሳኬትስ ሃርበር ላይ ሳትጨረስ ቆማለች። ጣሪያ ሠሩላት። በ1883 እንጨቷና ብረቷ ሲሸጥ ውኃ ነክታ አታውቅም ነበር።